የኖራው ድንጋይ መርዶ

በየከተማው፣ የነገሩን ሁሉ ዘር ካልቆጠረ እንቅልፍ የማይወስደው አንድ ሰው አይታጣም። ለደባርቅ የደረሳት የትምህርት ቤታችን የሳይንስ አስተማሪ፣ ሊቀ ዘር ቆጣሪ መምህር ሀብተ ሚካኤል ነበር። ቁንጫ ሲነክሰው እንኳ ከማከኩ በፊት «ወገንህ ማን ነው?» ይላል።

በደርግ ጊዜ ይህ ጠባይ ጣጣ ነበረው። አንድ እሑድ የቀበሌው ሊቀመንበር ሰብስቦን ጭቁኑን ከአድኃሪው ሲለይ፣ ሀብተ ሚካኤል እጁን አወጣ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድን ዝርያ ለመለየት ቢያንስ ሦስት ምልክት ያስፈልጋል። እርስዎ የጠቀሱት አንድ ብቻ ነው።» ሦስት ቀን ታሰረ።

በተፈታ በሳምንቱ ነጋዴው ሸሀቡ ለቀበሌው ግድግዳ ኖራ የሚሆን ነጭ ድንጋይ ከቆላ በበቅሎ ጭኖ መጣ። የኛ ሊቅ ከጭነቱ አንዱን ሰረቀ። ፈጭቶ፣ አጥቦ በማይክሮስኮፕ ቢያየው፣ ጥንት በባሕር ላይ ሲንሳፈፍ ይኖር የነበረ፣ ዓይን የማያየው ፍጡር ቅርፊት አገኘ። ከዚያ ወዲያ ማለዳ ማለዳ ወደ ሊማሊሞ አፋፍ ይወስደኝና ገደሉን የሞላውን ጉም እያየ «ይኸ ሁሉ ባሕር ነበር» ይለኛል፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ የፈራ ያህል በቀስታ። እኔም ቆይቼ ቆይቼ ጉሙ ሲናወጥ የማዕበል ድምፅ የሰማሁ ይመስለኝ ጀመር።

ሁለት ዓመት ቅርፊቱን ሣለ። ክፍሎቹን ቆጠረ፤ አፉ በየት በኩል እንደሆነ፣ ወደ ቀኝ ይጠምዘዝ ወደ ግራ ጻፈ። በመጻሕፍቱ ውስጥ አምሳያ አጣለት። ማንም ያልመዘገበው አዲስ ዝርያ ነው ብሎ፣ ዳባት ባሉት እናቱ በእማማ ታንጉት ስም ሊሰይመው ቆርጦ፣ ሥዕሉንና ጽሑፉን አዲስ አበባ ለሚገኙ አንድ ፕሮፌሰር ላከ።

መልሱ በስምንት ወሩ መጣ። ደብዳቤ በሳንሱር ተከፍቶ መድረስ የዘመኑ ወግ ነበርና፣ ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ልወስድለት የተቀበልኩት እኔ ቀድሜ አነበብኩት። ዝርያው ከስድሳ ዓመት በፊት በሌላ አገር ተገኝቶ ስም ወጥቶለታል።

በኛ አገር ክፉ ወሬ ለብቸኛ ሰው አይነገርም፤ ጎህ ሲቀድ ወዳጅ ተሰብስቦ ነው መርዶ የሚነገር። ሸሀቡንና እንደኔው አስተማሪ የሆኑ ሁለት ባልደረቦቻችንን ይዤ በማለዳ በሩን አንኳኳሁ። አንገታችንን ደፍተን ሲያየን ፊቱ አመድ መሰለ።

«እናቴ ናት?»

«ኧረ እሳቸው ደኅና ናቸው» አልኩት።

«ጠንከር ይበሉ መምህር፤ የአላህ ሥራ ነው» አለ ሸሀቡ፣ ደብዳቤውን እየሰጠው።

ቁጭ ብሎ አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከዚያ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶ ነበር።

«ለካስ ዘመድ አለው! ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻውን መስሎኝ ሳዝንለት።»

ወዲያው ማይክሮስኮፑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ በተራ አሰለፈን። እውነቱን ልናገርና፣ እስከዚያ ቀን «አየሁት» ስለው የኖርኩት ውሸቴን ነበር፤ ከራሴ ሽፋሽፍት በቀር ያየሁት አልነበረም። ያን ጠዋት ግን አየሁት፤ ጥቂት የሽንብራ ፍሬ ተጠጋግቶ የተኛ የመሰለ፣ ነጭ ነገር።

«ቆንጆ አይደለም?» አለኝ።

«ቆንጆ ነው» አልኩት። ያን ሰው ምን ያህል እንደምወደው ያወቅሁት፣ ዓይኔን ከመስታወቱ ሳላነሣ እዚያው ነው።