የእትዬ አጸደ አሥራ አንድ ሺህ አንድ መቶ አሥራ አንድ

ሰው ሁሉ የሚደፍረው ቁጥር አለ፤ ማንም የማይደፍረውም አለ። አሥራ ሁለትን ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት ብትከፍሉት እሺ ይላል። አሥራ ሦስት ግን ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም እጅ አይሰጥም። እንዲህ ያለውን እኛ የሒሳብ አስተማሪዎች ብቸኛ ቁጥር እንለዋለን። ደብረ ብርሃን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠመኔ ስፈጭ፣ ለተማሪዎቼ በኩራት የማሳያቸው ትልቁ ብቸኛዬ 11111 ነበር። የተጠራጠረ ካለ ሰሌዳው ላይ ለሦስት፣ ለሰባት፣ ለአሥራ አንድ እያልኩ እስከ ሠላሳ ሰባት እሞክርለታለሁ። ሠላሳ ሰባት ላይ ደወል ይደወላል። ደወል ደግሞ ተማሪን ብቻ አይደለም ደስ የሚለው።

አምና ዓይኔን ሞራ ጋረደው። አንኮበር የምትኖረው ታላቅ እህቴ እትዬ አጸደ፣ ቀዶ ጥገናው ከተሳካልኝ በፍልሰታ ሱባኤ 11111 ጊዜ «እግዚኦ» ልትል ተሳለች። ለአንድ አምላክ ከዳር እስከ ዳር አንድ ብቻ ያለበት ቁጥር ይገባዋል ብላ ነው። ሞራው ተገፈፈ፤ አየሁ። የእሷ ጭንቀት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መቁጠሪያዋ አርባ አንድ ፍሬ አለው፤ ዙሩ የሚሞላው ጫፉ ላይ ያለው መስቀል ጋ ሲደረስ ነው። በእሷ ቤት፣ ዙሩ ሳይሞላ የቆመ ጸሎት ስለት አያደርስም፤ ያልደረሰ ስለት ደግሞ ዓይኔን መልሶ ይወስደዋል። ደወለችልኝ።

«ወንድምዬ፣ መስቀሉ ላይ ያልቅልኛል?»

«አያልቅም እትዬ። ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ለማንም አይካፈልም። ይልቅ የንስሐ አባትሽን አማክሪና ቁጥሩን ቀይሪው።»

«ስለት ይቀየራል እንዴ?» አለችና አለቀሰች።

ያን ቀን እንኳ ወረቀት አውጥቼ ለአርባ አንድ አልሞከርኩትም። ሳስተምረው የኖርኩትን ነገር ምን ያስሞክረኛል?

ሱባኤው እንደተፈታ አንኮበር ሄድኩ። እትዬ ደብተር ዘረጋችልኝ። በየዙሩ አርባ አንድ እየደመረች ጽፋለች፤ 41፣ 82፣ 123 እያለ ይወርዳል። ሁለት መቶ ሰባ አንደኛው መስመር ላይ 11111 ይላል። መቁጠሪያውም መስቀሉ ላይ ቆሟል። እኔ ግን «ድምሩ ላይ ተሳስተሽ ይሆናል» ብዬ ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። መስመር በመስመር ወረድኩ። ስህተት የለም። 271ን በ41 አባዛሁ። ደግሜ አባዛሁ። ያው 11111 ወጣ። መቶ አምስት በራሱ ሲባዛ 11111 አጠገብ ስለሚደርስ፣ እስከ መቶ አምስት ድረስ መሞከር እንደሚገባ ሕጉን የማስተምረው እኔው ነኝ። «ይካፈላል» ብለው ጽፈው በቀይ የሰረዝኩባቸው ልጆች ፊታቸው አንድ በአንድ መጣብኝ፤ አፈርኩ።

እትዬ አልሳቀችብኝም። «አንተ እኮ እሁድ እሁድ አርባ አንድ እግዚኦ ትላለህ» አለች። «እንዴት አርባ አንድ ትዝ ሳይልህ ቀረ?»

ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ። በጣቴ አንጓ እየቆጠርኩ ሠላሳ ሰባት አካባቢ ስደርስ፣ ሐሳቤ ወደ ቁርስ ይሄዳል።