ፎቶ ኮፒ ቤት ያገኘሁት አድናቂዬ

አንባቢ ሆይ፣ መጽሐፍዎን ሰርቆ የሚያደንቅዎ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። አድናቆቱ ከልብ ነው፤ ስርቆቱም እንደዚያው።

የአጫጭር ልቦለዶች መጽሐፌ ጅማ መርካቶ፣ ጋሽ ነዚፍ ፎቶ ኮፒ ቤት እየተባዛ እንደሚሸጥ ሰማሁና ድርሻዬን ልጠይቅ ሄድኩ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ የምሳደበውን ሁሉ አጥንቼ ጨርሻለሁ።

ጋሽ ነዚፍ ሲያዩኝ ከማሽናቸው ተነሥተው አቀፉኝ። «ኮቱ፣ ና ግባ! ወላሂ፣ ከተማውን ሁሉ ያስነበብኩህ እኔ ነኝ!»

«የደራሲነት ድርሻዬስ ጋሽ ነዚፍ? ሕጉ እኮ ያለ ፈቃዴ ማባዛትን ይከለክላል።»

«ሕጉ ዘሃራን አይቷታል?» አሉኝ።

ዘሃራ የአንዱ ታሪኬ ባለታሪክ ናት።

«ገጽ አርባ ላይ ቀበርካት፤ ገጽ አርባ ስድስት ላይ ቡና ስትለቅም አገኘኋት። ሰው እንዳይስቅብህ ብዬ ገጹን እንደገና አስተይቤ በእህቷ ተካኋት። ለዚህ ስንት ጠየቅኩህ?»

ቅጂውን ተቀብዬ ገለጥኩት። እውነትም የምትለቅመው እህቷ ናት። እኔም፣ አርታኢዬም፣ ማተሚያ ቤቱም ያላየነውን ሬሳ እሳቸው አይተውታል። ያጠናሁት ስድብ ሁሉ ጠፋብኝ። እህትየዋ ደግሞ ከዘሃራ የተሻለች ለቃሚ ሆና ቁጭ አለች!

አፍሬ ቅጂውን ልገዛው ወሰንኩ። ትንሽ እንዲቀንሱልኝ ብጠይቃቸው ግን የጋሽ ነዚፍ ፊት ጠቆረ።

«ተው እንጂ!» አሉኝ። «የደራሲን ልፋት አታርክስ።»