ኤዶ ሱዕዲ፣ የክፍል ቁጥር አራት ተጠሪ

ብዙ አልጋ በተዘረጋበት ክፍል ሁሉ ማንም ያልሾመው አንድ አስተዳዳሪ አለ። የሆስፒታል ዋርድ ቢሆን፣ የዩኒቨርሲቲ ዶርም ቢሆን፣ መንገደኛ የሞላበት አልጋ ቤት ቢሆን፣ ገብታችሁ ሻንጣችሁን ሳታሳርፉ ከጥግ በኩል አንድ ድምፅ "እዚያ አይደለም፣ እዚህ አድርጉት" ይላችኋል። መስኮቱ መቼ እንደሚከፈት የሚወስኑት እኚሁ ሰው ናቸው። ማን እንደሚያንኮራፋ፣ ማን ከእጮኛዋ እንደተጣላች፣ ቧንቧው በስንት ሰዓት ውሃ እንደሚያመጣ ያውቃሉ። የሥልጣን ዘመናቸው አያልቅም፤ ምርጫም የለባቸውም።

የጅጅጋውን መንበር የያዙት ክብርት ወይዘሮ ሱዕዲ ነበሩ። ቤታቸው ደገሃቡር ነው። ከድንበር ከተማዋ ከቶጎጫሌ ሽቶና ድሪዕ የሚባለውን ስስ የሶማሌ ሴቶች ቀሚስ እያመጡ ስለሚነግዱ ግን ከሳምንቱ አምስቱን ቀን የሚያሳልፉት መናኸሪያው አጠገብ ባለ ፔንሲዮን፣ የሴቶች የጋራ ክፍል በሆነው ቁጥር አራት፣ በሩ ሥር ባለው አልጋ ላይ ነው። አልጋውን ከያዙ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ባለቤቱ ሻርማርኬ ፔንሲዮኑን ከገዛ ገና ሰባት ዓመቱ ስለሆነ፣ ከሁለቱ የትኛው እንግዳ እንደሆነ ለመናገር ያስቸግራል።

ለተሥላሴ በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር ወደዚህ ግዛት ስትገባ ይህን ሁሉ አታውቅም። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የስታትስቲክስ ባለሙያ ስትሆን ከቤተሰቧ ተለይታ አንድ ሌሊት አድራ አታውቅም። አርባ ምንጭ ባለው ቅርንጫፍ የኃላፊነት ዕድገት ሲመጣላት፣ አባታቸው ካረፉ ወዲህ የቤቱን ቃል የያዘው ታላቅ ወንድሟ ትግሉ ሳቀ። "አንቺ? ፒያሳ እንኳ ሰው ካልሸኘሽ አትሄጂም" አላት። ሲከራከሩ ሰንብተው በአንድ ነገር ተስማሙ። ወደማታውቀው ከተማ ሄዳ፣ ሳምንት ሙሉ ማንም ሳይከተላት ቆይታ፣ ብቻዋን ከተመለሰች አርባ ምንጭን የሚከለክላት የለም። ይህ ካልሆነ ዕድገቱን "አልፈልግም" ብላ ትጽፋለች። ጅጅጋን የመረጠችው አንድም ዘመድ የማታገኝበት ከተማ ፈልጋ ነው።

ሻርማርኬ የእንግዳ መዝገቡን ከፍቶ ስሟንና የመታወቂያ ቁጥሯን ጻፈ። ከዚያ እስክሪብቶው ቆመ።

"ተጠሪ?"

"የምን ተጠሪ?"

"ከተማው ውስጥ የሚያውቅሽ ሰው። ብትታመሚ የምደውልለት።"

"የለኝም። ብቻዬን ነኝ።"

"ለሥራ ነው?"

"አይ፣ እንዲሁ አገር ለማየት።"

ሻርማርኬ ከልቡ አዘነላት። በዚያ አገር ድሮ፣ በግመል ዘመን፣ አንድ መንገደኛ ወደማያውቀው ጎሳ ሲገባ የሚቀበለውና ስለ ነፍሱ የሚጠየቅለት ሰው ይይዝ ነበር፤ አባን ይሉታል። ግመሉ በሚኒባስ ተተካ እንጂ ልማዱ ከሰው ልብ አልወጣም። ስለዚህ ሻርማርኬ ሳይጠይቃት በባዶው ቦታ "ሱዕዲ" ብሎ ሞላው። በዚያው ገጽ ላይ ከተመዘገቡት አሥራ ስድስት ሴቶች የአሥራ አንዱ ተጠሪ እሳቸው ነበሩ።

ክብርት ወይዘሮ አዲሷን ተመዝጋቢ ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

"ስምሽ?"

"ለተሥላሴ።"

"ረጅም ነው። ለተ ይበቃል። ብቻሽን ነሽ?"

"አዎ።"

"ማን ሞቶብሽ ነው?"

"ኧረ ማንም አልሞተብኝም። ለመዝናናት ነው የመጣሁት።"

ከመስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ የምታጠናው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሂባቅ ልታስታርቅ በመሃል ገባች። "ኤዶ፣ ቱሪስት ናት" አለች። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ፔንሲዮኑ በሙሉ የሚጠራቸው በዚህ ነው።

"ቱሪስት ከሆነች ካሜራዋ የታል? ይቺ ባል ሸሽታ ነው። ተያት፣ ሲበርድላት ታወራለች" ብለው ፈረዱ። ይግባኝ የለም። ራት ላይ ከወጥ ቤት የመጣላት ሩዝ ከሌላው ሰው ሁለት እጥፍ የፍየል ሥጋ ነበረበት። የምታበስለው ሴት ትከሻዋን ዳበስ አድርጋት ሄደች። ለተሥላሴ ባል አግብታ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የሆነው በሁለት ቃል ነው፤ "ሰው አለኝ"። ሲም ካርዷ እምቢ ሲላት፣ "ተይው፣ ሰው አለኝ።" ራስ ምታት ሲነሳባት፣ "ፋርማሲ ሰው አለኝ።" ኤዶ ሱዕዲ ሐረር ሰው አላቸው፣ ድሬዳዋ ሰው አላቸው፣ ሐርጌሳ ደግሞ ሦስት አላቸው። ሂባቅ ዝናቡም የሚዘገየው ሰውየው ስልክ ስላላነሳላቸው ነው ትላለች። የሁሉም ቁጥር በቃላቸው ነው። እሳቸው አልጋው ላይ ተቀምጠው ይናገራሉ፣ ሂባቅ ትደውላለች። ለተሥላሴ ይህን ስታይ አለቃዋን ከነጸሐፊው ታስታውሳለች።

በሦስተኛው ቀን ለማንም ሳትናገር ወደ ቶጎጫሌ ልትሄድ ተነሳች። ሻርማርኬን መኪናው የሚነሳበትን ሰዓት ብቻ ጠይቃው ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ ኋላ ልትቀመጥ ስትል ሾፌሩ ዞሮ "ለተ አንቺ ነሽ? ጋቢና ግቢ፣ ኤዶ ደውላለች" አላት። ቶጎጫሌ ስትደርስ አንዲት ሻይ ሻጭ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት፤ በግመል ወተት የፈላ ሻይ ሰጠቻትና "እሱን እርሺው፣ አላህ የተሻለ ይሰጥሻል" ብላ አጽናናቻት። ወደ ድንበሩ ገመድ ጠጋ ስትል ደግሞ ከሎሪ ላይ ብርድ ልብስ የሚያወርድ ሰውዬ ሥራውን አቁሞ "ከዚህ ወዲያ እንዳታልፍ ተብሏል" አለ። ለተሥላሴ ከአዲስ አበባ ስትነሳ አንድ ወንድም ነበራት፤ አሁን በየኬላው ወንድም በዛባት።

ማታውኑ ኤዶ ሱዕዲ ፊት ቁጭ አለችና ነገሩን ሁሉ ዘረገፈችላቸው። ስለ ትግሉ ነገረቻቸው። ስለ አርባ ምንጭ ነገረቻቸው። "እባክዎ ኤዶ፣ የመጣሁት ብቻዬን መሆን እንደምችል ለማወቅ ነው። ሰው ከተከተለኝ መምጣቴ ከንቱ ነው" አለቻቸው።

ኤዶ ሱዕዲ ወደ እሷ ጠጋ አሉ።

"ባል የለም?"

"የለም።"

"ወላሂ? ድሬዳዋ ያለ አንድ ሽማግሌ ሊያስታርቃችሁ ተስማምቶልኝ ነበር" አሉ፤ ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል።

በአምስተኛው ቀን ወደ ሐርተሼክ ሄደች። ለሻርማርኬም አልነገረችው። ሐርተሼክ ድሮ ትልቅ የስደተኞች ካምፕ የነበረባት ከተማ ናት፤ አሁን ሜዳው ነፋስና ግመል ይመላለስበታል። በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ፈራች። ቀጥላ አንዲት ምግብ ቤት ገብታ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳዋን ለብቻዋ በላች፤ የቀረበላትን ፓስታም ጨረሰችው። ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስታይ ቆይታ ስትመለስ ሚኒባሱ ሞልቶ ሄዷል። ሁለት ሰዓት ጠበቀች፣ ጠየቀች፣ ተሳስታ ሌላ መኪና ላይ ወጣች፣ ወረደች። በመጨረሻ ሁለት ወተት ሻጮች ያሉበት ፒክአፕ ላይ ቦታ አግኝታ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጅጅጋ ገባች። ደስ አላት። በጣም ደስ አላት።

ኤዶ ሱዕዲ አልጋቸው ላይ ነበሩ።

"በልተሻል?"

"በልቻለሁ።"

"ሐርተሼክ ሰው አለኝ" አሉ ቀስ ብለው። "ሂባቅ ስትሳፈሪ አይታሻለች። ደውዪ ብዬ ቁጥሩን ነገርኳት። ከዚያ ግን ተይው አልኳት።"

ለተሥላሴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሂባቅ ኋላ እንደነገረቻት፣ ከቀትር ጀምሮ ለተሥላሴ በሩን ከፍታ እስክትገባ ድረስ የኤዶ መቁጠሪያ ከእጃቸው አልወረደም።

እሑድ ከሰዓት፣ ለነገው ጉዞ ሻንጣዋን ስታሰናዳ፣ ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ኤዶ ሱዕዲ ከፍራሻቸው ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

"አንብቢልኝ።"

የሪፈር ወረቀት ነበር። ሁለቱም ዓይናቸው የሞራ ግርዶሽ አለበት፤ አዲስ አበባ ሆስፒታል ቀርበው እንዲታዩ ማክሰኞ ተቀጥረዋል። ከዚህ ቀጠሮ በላይ ሌሎች ሁለት ቀኖች ተሰርዘዋል።

"ሂባቅ ለምን አላነበበችልዎትም?"

"ሂባቅ ካወቀች ጅጅጋ አወቀ።"

ለተሥላሴ የዚያን ጊዜ ነገሩ ገባት። ቁጥር በቃል መያዙ፣ ሂባቅን ማስደወሉ፣ ለአለቅነት አልነበረም። የስልኩን ቁልፎች ስለማያዩ ነው።

"ታዲያ በሁለቱ ቀጠሮ ለምን አልሄዱም?"

ኤዶ ሱዕዲ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። "አዲስ አበባ ሰው የለኝም" አሉ።

ለተሥላሴ "ሰው አለኝ" ተገልብጦ የሰማችው ያን ቀን ብቻ ነው። አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪያልቅ አሰበች። ትግሉ ነገ ላምበረት መናኸሪያ ቆሞ በዓይኑ ሊያረጋግጥ ይጠብቃታል። ብቻዋን ካልወረደች ውሉ ፈረሰ፣ አርባ ምንጭም አበቃ። ዕድገቱን መቀበሏን እስከ ዓርብ መጻፍ አለባት። ትኬታቸውን ገዝታላቸው በሌላ መኪና ብትልካቸውስ? ዓይናቸው እየከዳቸው ላምበረት ላይ ማንን ይጠራሉ? ብርጭቆዋን አስቀመጠችና ከአጠገቧ ላለው ወንበር ትኬት ልትቆርጥላቸው ወደ መናኸሪያው ሄደች።

አውቶቡሱን እስከ ሐረር ያስተዳደሩት ኤዶ ሱዕዲ ናቸው። የማን መስኮት እንደሚከፈት ወሰኑ፤ ሁለት ተሳፋሪዎችን ቦታ አቀያየሩ፤ ሾፌሩንም ስለ ፍጥነቱ ገሠጹት። ጭሮ ላይ ድምፃቸው ቀነሰ። ከአዋሽ ወዲህ ጭራሽ አልተናገሩም። አዳማን ሲያልፉ የለተሥላሴን ሻርፕ ጫፍ ያዙ፤ እስከ ላምበረትም አልለቀቁትም።

ትግሉ የመናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ነበር። እህቱ አንዲት ትልቅ ሴት ይዛ ስትወርድ አያት፤ ፊቱ ላይ የአሸናፊ ፈገግታ መጣ።

"ብቻሽን አልመጣሽማ" አላት። ወዲያው ወደ ኤዶ ሱዕዲ ዞሮ ጎንበስ አለ። "እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እስከዚህ ድረስ ይዘውልን መጡ።"

 ለተሥላሴ እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት ስለ ዓይናቸው መናገር አለባት፤ ያ ደግሞ ሂባቅ እንኳ ያልሰማችው ምስጢር ነው። አርባ ምንጭ ከእጇ ሲወጣ በዓይኗ ታያት። 

"እኔ?" አሉ ኤዶ ሱዕዲ። የሰውየውን ፊት ለይተው ስላላዩት የተናገሩት ወደ ድምፁ ዞረው ነው። "ልጄ፣ እኔ ዓይኔ አያይም። መንገዱን አላውቅም። እዚህ አገር ማንንም አላውቅም። ይዛኝ የመጣችው እሷ ናት።"

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ክፍል ቁጥር አራት ውስጥ "አላውቅም" ብለው አያውቁም።

ትግሉ እህቱን አየ፤ በሻርፏ ላይ የተጨበጠውን እጅ አየ። ፈገግታው ሄደ። ሁለቱንም ሻንጣ አነሳና "በየት በኩል ነው የምንሄደው?" ብሎ እህቱን ጠየቃት።