መጨረሻ ነጋሪው ጋሽ ሽጉጤ

ፊልም በሚታይበት ቤት ሁሉ መጨረሻውን ቀድሞ የሚናገር አንድ ሰው አይጠፋም። ደቡብ አፍሪካ፣ አይቮሪ ፓርክ ካለው ሱቃችን ጀርባ፣ አምስት ሆነን በምንኖርባት ክፍል፣ ለእኛ የደረሱን ክቡር አቶ ሽጉጤ ናቸው።

ጋሽ ሽጉጤ "ልፋታችሁን ላሳጥርላችሁ" ይሉና ገዳዩን፣ ሟቹን፣ የሚጋቡትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሱታል። ክፋት የለባቸውም፤ እያወቁ ዝም ማለት ያማቸዋል። በኮሮና ቤተ ክርስቲያናችን ተዘግቶ አምልኮው በዙም በሆነ ሰሞን፣ ፓስተሩ የጠፋውን ልጅ ገና ከአባቱ ቤት ሳያስወጡት፣ ማይካቸውን ማጥፋት የረሱት ጋሽ ሽጉጤ "ይመለሳል፤ አባትየውም ይቀበለዋል" ብለው ለሰባ ቤተሰብ አበሰሩ። ፓስተሩ አመስግነው ወደ ጸሎት አለፉ።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ከፎርድስበርግ ገበያ በመጣ ፍላሽ አንድ ኮሜዲ ከፈትን። ቀድመው ያዩት እሳቸው ብቻ ናቸው። "ሌላ እንይ" ቢሉም ማን ሰምቷቸው። ሁለት ቅጥረኛ ገዳዮች ሰው ተሳስተው አንድ ምስኪን ፀጉር አስተካካይ ያሳድዳሉ፤ አንዱ ያለ መነጽር አያይም፣ ሌላው የሚገደለውን ሰው ፎቶ ዘቅዝቆ ይዞታል።

ጋሽ ሽጉጤ እስኪያበላሹት ጠበቅን። እሳቸው ግን አብሮን የሚኖረውን ዱካሞን ያያሉ። ዱካሞ እየሳቀ ነበር። ባለፈው ዓመት ዳቬይተን በሚባል ሰፈር ቅጥረኞች ሌላ ሰው ፈልገው መጥተው ወንድሙን ሱቁ በር ላይ ገድለውበታል። ከዚያ ወዲህ ጥርሱን አይተን አናውቅም።

ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ጋሽ ሽጉጤ ብድግ ብለው ሶኬቱን ነቀሉት።

"ልፋታችሁን ላሳጥርላችሁ። መሳሳታቸው ይገባቸዋል፤ ሰውየውን ይቅርታ ጠይቀው፣ ፀጉራቸውን ተስተካክለው ይሄዳሉ።"

ተነሳንባቸው። እኔ በተለይ ለሽበታቸው የማይመጥን ነገር ተናገርኩ። ዱካሞ ብቻ "እሰይ" አለ።

በማግስቱ ፍላሹን ወስጄ ለብቻዬ ጨረስኩት። ገዳዮቹ ምንም አልገባቸውም። ፀጉር አስተካካዩን በገዛ ሱቁ በር ላይ ገደሉት፤ ትክክለኛው ሰውዬ በአጠገባቸው ሲያልፍ ሰላም ብለውት ሄዱ። እዚያ ላይ መሳቅ ነበረብን መሰለኝ።

አፍሬ ቀዝቃዛ ለስላሳ ገዝቼ ለጋሽ ሽጉጤ ወሰድኩላቸው። እንደዚያን ቀን ወድጃቸው አላውቅም። ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው እየጠጡ፣ ልጀምረው ያሰብኩትን ሌላ ፊልም መጨረሻ ነገሩኝ።

ከሰዓት ዕቃ ስንደረድር ዱካሞ ጠጋ አለኝ።

"ጨረስከው አሉ። እውነት ይቅርታ ጠየቁት?"

"ጠየቁት" አልኩት። "አንደኛውማ አልቅሷል።"