ባኞው የት ገባ?

አሮጌ ቤት ሲፈርስ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያጣል፤ አንድ ሰው ግን ሁልጊዜ ያገኛል። ባለቤቱ ገና ቁልፉን ሳያስረክብ፣ ጎረቤቱ ከንፈሩን ሳይመጥ፣ አፍራሾቹ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ሳይነቅሉ አንዲት ሴት ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ግቢው መሃል ትቆማለች። ስለ ሳሎኑ አትጠይቅም። ማን ተወልዶበት ማን እንደሞተበትም ግድ አይሰጣት። የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ባኞው የት ገባ?" እንዲህ ያለች ሴት የሌለችበት ሰፈር የለም። አለ ከተባለም ገና ቤት ያልፈረሰበት ሰፈር መሆን አለበት።

የዚህኛው ሰፈር ሴት ክብርት እትዬ ባኞ ትባላለች። ስሙን ያወጡላት ጎረቤቶቿ ለሹፈት ነበር፤ እሷ ግን እንደ ሹመት ተቀበለችው። ሥራዋ ፀጉር መሥራት ነው። ፀጉር ቤት ደግሞ የማን ቤት እንደሚሸጥ፣ የማን እንደሚፈርስ፣ የትኛው ወራሽ ከየትኛው ወራሽ ጋር እንደተኳረፈ ከማዘጋጃ ቤት ቀድሞ የሚታወቅበት ስፍራ ነው። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የገባች ደንበኛ የራሷ ድምፅ ስለማይሰማት ምስጢሩን ሁሉ እየጮኸች ታወራለች። ክብርት እትዬ ባኞ ቢጉዲን እየጠቀለለች ታዳምጣለች፤ ማታ ደግሞ አንድ ዕቃ በጋሪ ይዛ ቤቷ ትገባለች።

ባለቤቷ የሒሳብ መምህር ነው። ቀጥ ያለ መስመር የሚወድ፣ ዕቃ ሁሉ በየተሠራለት ቦታ እንዲሆን የሚፈልግ ረጋ ያለ ሰው ነው። ነገሩ ሲጀመር አልነቃም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ መጀመሪያ የገባችው አንዲት የሸክላ ሳሙና ማስቀመጫ ነበረች፤ እሱም "ታምራለች" ብሎ አመሰገነ። ያን ቃል እስከ ዛሬ ይጸጸትበታል። ከሳሙና ማስቀመጫዋ በኋላ ዳር ዳሩ የጠቆረ ትልቅ መስተዋት መጣ። ከመስተዋቱ በኋላ የነሐስ ቧንቧ መጣና ከምንም ውሃ ጋር ሳይገናኝ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተተከለ። ባለ እግር የእጅ መታጠቢያ ኮሪደር ላይ ቆሞ አበባ ተሞላ። ስንት እንግዳ እጁን ዘርግቶ ቆሞ ቆሞ፣ አበባውን አሽትቶ ተመልሷል።

ስለ አበባ ማስቀመጫዎቹማ ባይወራ ይሻላል። ረጃጅም አሉ፣ ሆዳም አሉ፣ አንገታቸው እንደ ዝይ የቀጠነ አሉ። ያልተሸረፈ ግን አንድም የለም። ሽራፋቸው ሁሉ ወደ ግድግዳ ዞሯል፤ የቤቱም ሕግ ማንም ሰው ማስቀመጫ አዙሮ እንዳያስቀምጥ ይከለክላል። መምህሩ አንድ ቀን አቧራ ሊጠርግ ብሎ አንዱን በጀርባው ስላቆመው እራት በዝምታ ተበላ።

አንድ ሰው ዝገቱን ቢያሳያት፣ ስንጥቁን ቢያሳያት፣ የሰው እድፍ ቤት አታስገቢ ብሎ ቢመክራት መልሷ ያው ነው፤ "ይታጠብና እንነጋገራለን።" ታጥቦ ንግግር የተደረገበት ዕቃ ግን ታይቶ አይታወቅም። ከታጠበ በኋላ ቦታ ይይዛል፤ ቦታ ከያዘ በኋላ የቤተሰብ አባል ነው።

የመምህሩ አለቃ፣ ርዕሰ መምህሩ፣ አንድ ጊዜ ለጥየቃ መጥተው ነበር። ከሶፋው በላይ ሰንሰለቱ የሚጎተት የድሮ ሽንት ቤት ውሃ ማጠራቀሚያ ተሰቅሏል፤ ውስጡ ሐረግ ተተክሎበታል። እሳቸው መብራት ማብሪያ መስሏቸው ሰንሰለቱን ሳቡት። አፈሩም ሐረጉም ከነሥሩ አናታቸው ላይ ወረደ። መምህሩ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር። ክብርት እትዬ ባኞ ግን ኮታቸውን ቀስ አድርጋ አወለቀችና "ይታጠብና እንነጋገራለን" አለቻቸው። ኮቱ ታጥቦ ተመልሷል። ርዕሰ መምህሩ ግን እስካሁን አልተመለሱም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ዋናው የገባው። ከአንድ የፈረሰ ትልቅ ቤት የወጣ፣ የአንበሳ እግር ያለው፣ ከባድ የብረት ባኞ። ሊያስገቡት የመጡት ሸካሚዎች በሩን ከነመቃኑ ነቀሉት። ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ የቧንቧ ሠራተኛው አጎንብሶ አየና የባኞው ማፍሰሻ ከወለሉ ማፍሰሻ ጋር በምንም መንገድ እንደማይገናኝ ተናገረ። ስለዚህ ውሃ አይገባበትም። ግድ የላትም፤ ከአፍ እስከ ገደፉ የአበባ ማስቀመጫ ሞላችበት። ከዚያን ጊዜ ወዲህ መምህሩ ገላውን የሚታጠበው በበሩና በባኞው መካከል በቀረችው ክፍተት ቆሞ፣ በባልዲ፣ ክርኑን ሰብስቦ ነው። ምን ያድርግ፣ ሚስቱን ይወዳታል፤ ቀጭንም ነው።

ነገሩ የከረረው እናቱ ሲመጡ ነው። ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩት አሮጊት ደረጃ ላይ ወድቀው ጉልበታቸው ተጎዳ፤ መምህሩም ለምኖ፣ ተቆጥቶ፣ በመጨረሻም አልቅሶ ወደ ቤቱ አመጣቸው። ከእንግዲህ ብቻቸውን እንዲያድሩ አይፈልግም። እሳቸው ደግሞ ሸክም መሆንን እንደ ሞት የሚፈሩ ሴት ናቸው። በመጡ በማግስቱ መታጠቢያ ቤቱን ከፍተው ባኞውን አዩት። በሩ ላይ ቆመው ቆዩና መልሰው ዘጉት። ከዚያ በኋላ ክፍላቸው ውስጥ በሳፋ እየታጠቡ ሰነበቱ። አንድ ምሽት እራት ላይ ቅዳሜ ወደ ቤታቸው እንደሚመለሱ ተናገሩ።

"እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ቀጥሎ ብር፣ ከዚያ ብረት ነው" አሉ። "ብረት ሳልሆን ልሂድ።"

መምህሩ እንቅልፍ አጣ። እንደ ሒሳብ ሰው አሰበና መልሱን አገኘሁ አለ፤ እናቱ የሚሄዱት መታጠቢያ ስለሌላቸው ነው፣ መታጠቢያ የሌለውም ባኞው ቦታውን ስለያዘው ነው፣ ስለዚህ ባኞው መሄድ አለበት። ለሚስቱ ሲነግራት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ሲደጋግምባት "ባኞ ያለበት ቤት ውስጥ መታጠቢያ የለም የሚል የሒሳብ መምህር አንተን አየሁ" ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። እሱም ቆረጠ። እሷ ፀጉር ቤት፣ እናቱ እንቅልፍ ላይ ሳሉ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ከነሸካሚዎቹ ጠራ። ማስቀመጫዎቹን አንድ በአንድ እያወጣ ሳሎን ወለል ላይ ደረደራቸው፤ በጥድፊያውም የሁሉንም ሽራፋ ወደ ውጭ አዞረው። በሩ ዳግመኛ ተነቀለ። ባኞው እያቃሰተ ግቢ ወጣ።

ሸካሚዎቹ ትንፋሽ ሲሰበስቡ እናቱ ምርኩዛቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ባኞውን ዞሩት። በፀሐይ ብርሃን ውስጡ ያለውን ቡናማ የውሃ መስመር አዩ። ከንፈሩን በጣታቸው ዳሰሱና ልጃቸውን ዐመድ፣ ግማሽ ሎሚና አሮጌ ጨርቅ እንዲያመጣ አዘዙት። በርጩማ ስበው ተቀመጡና መፈተግ ጀመሩ፤ ከታች ወደ ላይ፣ እጃቸውን እያዞሩ፣ ሳይቸኩሉ። መስመሩ ከእጃቸው ሥር እየጠፋ ሄደ። ነጋዴው እናንሳው ወይ ብሎ ሲጠይቅ "ገና አልጠራም" አሉት፤ እሱም እንደ ተማሪ ተመልሶ ቆመ።

"ሰው ቤት ሳገለግል እንዲህ ያለውን ነበር የማጥበው" አሉ እናቱ ለልጃቸው፣ ቀና ሳይሉ። "አንተን ያስተማርኩበት ነው። በየቀኑ እንበረከክለት ነበር። እዚህ መጥቼ ሳየው ጉልበቴ ታመመ፤ በልጄም ቤት ማጠቡ የጠበቀኝ መሰለኝ።"

መምህሩ እናቱ ሰው ቤት ሠርተው እንዳስተማሩት ያውቃል። ባኞውን ግን አያውቅም ነበር። ታጥበውበት ያውቁ እንደሆነ ጠየቃቸው።

"ማን ፈቅዶልኝ?" አሉ። "ባለቤቶቹ የወጡ ቀን ጫማዬን አውልቄ አንድ እግሬን አስገባሁ። በሩ ተንኳኳና አወጣሁት።"

በዚህ መሃል የግቢው በር ተበርግዶ ክብርት እትዬ ባኞ ገባች። አንዲት ደንበኛ ካስክ ውስጥ ሆና "የእሷ ባኞ ውጭ ቆሞ አየሁት" ብላ ለጎረቤቷ ስትጮህ ሰምታ፣ ግማሽ ራሷን የጠቀለለችላትን ሴት ትታ ነው የመጣችው። እጇ በፀጉር ቀለም ጠቁሯል። መምህሩ ለውርጅብኙ አንገቱን ሰበረ። እሷ ግን አንዴም አላየችው። ያየችው አማቷን፣ ጨርቁንና እንደ አዲስ የነጣውን የባኞ ሆድ ነው። የመጨረሻውን የአማቷን ቃል በሩ ላይ ሆና ሰምታዋለች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እንባ ደግሞ በክብርት ላይ የተለመደ አይደለም።

ነጋዴውን በእጇ ምልክት አሰናበተችው። የልብስ ማድረቂያው ገመድ ላይ አንሶላዎች ሰቅላ ባኞውን ዙሪያውን ጋረደችው። ባሏን ውሃ እንዲያሞቅ አዘዘችው። ግቢ ውስጥ የወለል ማፍሰሻ አያስፈልግም፤ ውሃው ወደ አበባ መደቦቹ ይወርዳል። ይሄን ያህል ዘመን ያልተፈታው ሒሳብ በአንሶላ ተፈታ።

እናቱ እምቢ አሉ። አሮጊት ናቸው፣ ገና ቀን ነው፣ ሰው ይሰማል፣ ደግሞም ቅዳሜ ሂያጅ ናቸው። ክብርት እትዬ ባኞ ምርኩዛቸውን ተቀበለቻቸውና በዝግታ፣ ለዝገት ሁሉ በምትናገርበት በዚያ ርግጠኛ ድምፅ መለሰችላቸው።

"ይታጠቡና እንነጋገራለን፣ እማማ።"

መምህሩ ባልዲ እየተሸከመ ሲመላለስ ላቡ ጀርባውን አራሰው። ከአንሶላው ወዲያ የሚስቱ እጅ የእናቱን ሽበት ሲያሽ፣ ውሃው ሲንቦጫረቅ ይሰማል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የእናቱ ድምፅ መጥቶ ነበር፤ "ቆዪ፣ ልጄ፣ አትቸኩይ። ይቺኛዋ እግሬ ገብታ ታውቃለች። ሁለተኛዋን ላስገባት።" መምህሩ ባልዲውን አስቀምጦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ እንደ ማስቀመጫዎቹ።

ቅዳሜ መጣ፤ ንግግር ግን አልተደረገም። እናቱ ውሃው ቶሎ ይበርዳል ብለው ቅሬታ አቀረቡ፤ ቅሬታ የሚያቀርብ ሰው ደግሞ የቤቱ ሰው ነው። ሻንጣቸው ላይ አንድ ሆዳም የአበባ ማስቀመጫ ተቀመጠበት፣ እዚያው አለ።

ሰሞኑን መምህሩ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አንድ አሮጌ ቤት ሲፈርስ አየ። ሊያልፍ ነበር። እግሩ ግን አላሳልፍ አለው። በአቧራው መሃል ገብቶ፣ ጠመኔ የነካካውን ኮቱን አስተካክሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ የአፍራሾቹን አለቃ ባኞው የት ገባ ብሎ ጠየቀ።

"አንዲት ፀጉር ሠሪ ቀድማዎት ወስዳዋለች" አለው ሰውየው።

መምህሩ ሌላ ባኞ በየትኛው በር እንደሚገባ አላሰበም። ደረቱን ነፋ አድርጎ "ባለቤቴ ናት" አለ።