ቀይ ጊታርና ያልተሳልሁት ስዕለት

አሮጊት የገዛችው ዕቃ የራሷ ሆኖ አያውቅም። ይህን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከሱቅ ነው። ከረሜላ ስትገዛ «ለልጅ ልጅዎ ነው?» ይሏታል። ጨርቅ ስትገዛ አንዲት አራስ ትታሰባለች። ጥላ የገዛች እንደሆነማ ነገሩ አለቀ፤ ጥላው ለታቦት ነው፣ እሷን ፀሐይ አይነካትም። ሰው ሰባ ዓመት ሲሞላው ፍላጎቱ ሁሉ እንደ ወተት ጥርስ የረገፈ ይመስል፣ ለራሱ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው ተብሎ ይታመናል፤ እሱም መልካም ሞት ነው። እናንተም እንዲህ ታስባላችሁ፤ አትካዱ። እኔም ሰባ አንድ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ እንዲሁ ነበርሁ።

ለማያውቀኝ ሰው፣ የቢቸና ልጅ ነኝ። በአሥራ ስምንት ዓመቴ ወጥቼ አዲስ አበባ፣ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰው መጽሐፍ ሳርም ኖርሁ። ብዙ አንብበሻል ይሉኛል። እውነት ነው፤ ግማሹን ባላነበው ይሻለኝ ነበር። አራሚ ማለት ሥራውን በደንብ ከሠራ ማንም የማያየው፣ ስሙ የሚነሣው ሲሳሳት ብቻ የሆነ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ከቤት ኪራይ ጋር ታገልሁና፣ ባለፈው ዓመት ወደ አባቴ ቤት ተመለስሁ። ቤቱን ይዛ የቆየችው ታናሽ እህቴ የሻረግ ናት። «እትዬ» እያለች በአንቱታ ታናግረኛለች። አንቱታው ግን፣ እንደምታዩት፣ ብዙም አይከላከልም።

ጊታሩን የገዛሁት ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ነው። ሞጣ ያለች የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ሞታ፣ መንገዱ ክፍት በሆነበት ሳምንት፣ ጥቁር ለብሼ ሄድሁ። ሁለት ቀን አልቅሼ፣ አርብ ጧት ለመመለስ መኪና ስጠብቅ፣ ለባትሪ ብዬ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ሰይድ ይባላል። አያቱን አውቃቸው ነበር፤ አባቴ አቡጀዲ የሚገዛው ከእሳቸው ነበር። እነሱ ከጨርቅ ወደ ፀሐይ መብራትና ወደ ውኃ ፓምፕ ተሻግረዋል። ከፓምፖቹ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ አንድ ቀይ ነገር ተሰቅሏል። አንድ የባንክ ሠራተኛ አስመጥቶት ሳይወስደው ተዛውሮ፣ ሁለት ዓመት አቧራ ሲጠጣ ኖሯል።

«እሱ ምንድን ነው?» አልሁት። ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዝም ብሎ ማየት ስላፈርሁ ነው።

«የኤሌክትሪክ ጊታር ነው እናቴ። ለልጅ ልጅዎ ነው?»

«የልጅ ልጅ የለኝም።»

«ለጎረቤት ልጅ?»

«ለእኔ።»

ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። ነጋዴ ነው፤ አልሳቀም። መሰላል አመጣ።

ጭኔ ላይ ሲያኖረው መጀመሪያ የገረመኝ ክብደቱ ነው። ከሩቅ ሲያዩት እንደ ክራር ቀለል ያለ ይመስላል፤ ሲይዙት ግን የተኛ ሕፃን ያህል ይከብዳል። ሁለተኛው፣ ሆድ የለውም። ክራርም መሰንቆም በገናም ሆድ አላቸው፤ ድምፅ እዚያ ገብቶ ተመላልሶ ነው የሚወጣው። ይህ ድፍን ሳንቃ ነው። ፊቱ ላይ የራዲዮ የመሰሉ ሦስት መዞሪያዎች አሉት፤ ቀለሙ የደረቀ በርበሬ፣ ሽታው አዲስ ቁም ሣጥን ነው። ክሩን በጥፍሬ ነካሁት። ጣሳ ውስጥ የገባች ዝንብ። ይኸው ነው? አልሁ በልቤ፤ በሕይወቴ የተመኘሁት ነገር ሁሉ ሲቀርብ እንዲህ ነበርና ብዙ አልደነቀኝም።

ሰይድ ግን ገመዱን በጊታሩ ወገብ ሰክቶ፣ ሌላውን ጫፍ ከአንድ ጥቁር ማጉያ ጋር አገናኘና «አሁን ይንኩት» አለኝ።

ነካሁት። ድምፁ ከጆሮዬ በፊት ደረቴ ላይ ደረሰ። መደርደሪያው ላይ ያሉት የስልክ መስተዋቶች ተንቀጠቀጡ። አምፖል ሲመርጥ የነበረው ሰውዬ ዞረ፤ ደጅ ያለችው ሎሚ ሻጭ አንገቷን አስገባች። ሰባ አንድ ዓመት ኖሬ፣ በአንድ ጣቴ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር ያ የመጀመሪያዬ ነው። ደግሜ ነካሁት። አሁንም ዞሩ።

«አሽገው» አልሁት።

እንግዲህ ኃጢአቴ እዚህ ላይ ይጀምራል። የሚኒባሱ ረዳት ሁለቱን ካርቶን አየና «እማማ፣ ይኼ ስፒከር ነው?» አለ።

«ነው።»

«ለደብሩ ነው?»

የቢቸና ልጅ ከሩቅ ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም። ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ ጥላ፣ ማጉያ፣ ከነዚህ አንዱን ተስሎ ያመጣል፤ ጥቁር የለበሰች አሮጊት ማጉያ ይዛ ከታየች ደግሞ ሌላ ማሰብ አይቻልም። እኔም «ቢቸና ነው የሚወርደው» አልሁ። እውነት ነው፤ የሚወርደው ቢቸና ነው። ረዳቱ ወደ ሾፌሩ ጮኸ፦ «የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ነው፣ የጭነት የለውም!» የጭነት አለመክፈሌ ደስ አለኝና ዝም አልሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ክንዴን ይዛ «እግዜር ይቀበልልዎት» ስትለኝ ደግሞ «አሜን» አልሁ። ለምን አልሽ አትበሉኝ። «አሜን» ሳስነጥስ እንደሚወጣኝ ነገር ነው፤ ሳላስበው ይወጣል።

ሴትዮዋ የቢቸና ሰው ናት፤ ስልክም ነበራት። ቢቸና ስንደርስ የሻረግ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር መናኸሪያው ቆማ ነበር። እልልታው ከመኪናው ሳልወርድ ተቀበለኝ። የሻረግ እኔን ሳይሆን ካርቶኑን ሳመች።

ማታ ራት ላይ «የሻረግ፣ ስለዚህ ዕቃ አንድ ነገር ልንገርሽ» ብዬ ጀመርሁ።

«እሑድ ይከፈታል። አሁን ይብሉ እትዬ» አለችና ስልኳ ጠርቶ ወደ ጓሮ ወጣች።

ቅዳሜ ጧት ደግሜ ልሞክር ስል ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ቀደመችኝ።

«ያውቃሉ፣ በየዓመቱ በዓል ሲሆን የሰጡ ሰዎች ስም ይጠራል። የዚያችኛዋ ልጅ ከዐረብ አገር ምንጣፍ ልካ ተጠራች። የዚያኛው ወንድም ጥላ አምጥቶ ተጠራ። ሲጨርሱ ሴቶቹ ወደ እኔ ይዞራሉ። “አንቺ አዲስ አበባ እህት አለሽ አይደል?” ይሉኛል። አለችኝ፣ መጽሐፍ ታርማለች እላለሁ። “ምን ላከች?” ይላሉ። ምን ልበላቸው እትዬ? አንድ ነጠላ ሰረዝ ልካለች ልበላቸው?»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ዓይኗ ሞላ፤ ከሽንኩርቱ ነው እንዳልል ነጭ ሽንኩርት እንደዚያ አያስለቅስም። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሬት መሬት አየሁ» አለች።

አያችሁ የተያዝሁበትን። እውነቱን ከተናገርሁ ማጉያዬን ይዤ እቀራለሁ፤ የሻረግ ግን እልል ባሉላት ሴቶች ፊት፣ በቀረው ዕድሜዋ ሁሉ፣ መሳቂያ ትሆናለች። ዝም ካልሁ እሷ ቀና ትላለች፤ እኔ ግን ያን ድምፅ ሁለተኛ አልሰማውም። ሌላ ለመግዛት ጡረታዬ ስንት ወር እንደሚፈጅ አትጠይቁኝ። ሰው ለእህቱ ሲል ምን እንደሚያደርግ የሚተርኩ ወፍራም ወፍራም መጻሕፍት አርሜአለሁ። በመጻሕፍቱ ውስጥ ሁሉም ሳያመነቱ ነው መሥዋዕት የሚሆኑት። እኔ ቅዳሜን ሙሉ ሳመነታ ዋልሁ።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ግቢው ውስጥ ዋርካው ሥር፣ ካርቶኖቹ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። መሪጌታው ቀጭን፣ ድምፃቸው በዕድሜ የሳሳ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ማጉያው ተከፈተ፤ እልልታ ሆነ። ቀጥሎ ረጅሙ ካርቶን ተከፈተና ቀዩ ነገር ብቅ አለ።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

«የመሰንቆ ወገን ነው መሰለኝ።»

«ቀይ መሰንቆ?»

«ሆዱስ?» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ሆዱ የት ሄደ?»

«ፆም ላይ ይሆናላ» አላቸው ሌላው።

መሪጌታው ጊታሩን አነሡት። ገለበጡት፣ በጣታቸው አጥንት መታ መታ አደረጉት፣ አንዱን ክር ነክተው ጆሯቸውን እንጨቱ ላይ አስጠጉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ይህ የሚሰማው ለያዘው ሰው ብቻ ነው» አሉ። «ለጉባኤ አይሆንም። ለባለቤቷ ይመለስ። ማጉያው ግን ይጠቅመናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።»

ፍርዱ ትንሽ ፈጠነብኝ። ግን የጊታሩ መትረፍ አስደስቶኝ ብዙ አልመረመርሁትም። ወዲያው ማጉያው መብራት ላይ ተሰካ፣ ከደብሩ የተገኘ አሮጌ ማይክ ተገናኘ፣ «አንድ ቃል ይበሉ» ተብሎ እጄ ላይ ተቀመጠ።

እስቲ አስቡት። በገዛ ማጉያዬ ፊት ቆሜአለሁ። «ተሳስታችኋል፣ የገዛሁት ለራሴ ነው» ለማለት ከዚህ የተሻለ ዕቃ በዓለም ላይ የለም። ወደ የሻረግ ዞርሁ። ከሴቶቹ መካከል ቆማለች፤ መሬት አታይም። ፊቷን እንደዚያ ቀና አድርጋ ያየኋት ልጅ ሳለን ይመስለኛል።

«እግዚአብሔር ይቀበልልኝ» አልሁ።

ድምፄ ከዋርካው በላይ አልፎ፣ ገበያው ደርሶ ተመለሰ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ነበር። ያሰብሁት በጊታር እንዲሰማኝ ነበር፤ ያም ሆነ ይህ ቢቸና ሰማኝ።

ከዚያ በኋላ እኔና ቀዩ ዕቃ በዝንብ ድምፅ እንኖር ጀመር። ከቀትር በኋላ በረንዳው ላይ ጭኔ ላይ አኑሬ ክሮቹን አንድ በአንድ እጫናለሁ። ቀጭኑ ክር ጣት ይቆርጣል፤ ወፍራሙ ይታገሣል። በሁለተኛው ሳምንት የጣቶቼ ጫፍ ደነደነ፤ በሰባ አንድ ዓመቴ አዲስ ቆዳ አበቀልሁ። የሻረግ አጠገቤ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፤ ምን እንደምሠራ ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም ይህንን ጨዋነት ነው ብዬ አመሰግናት ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሰይድ ደወለ። የዋስትና ወረቀቱ ላይ የጻፍሁት የየሻረግን ቁጥር ስለነበር፣ ስልኳን ሰጥታኝ ውኃ ልትቀዳ ወጣች።

«እናቴ፣ ዕቃው እንዴት ሆነልዎት?» አለኝ። «አርብ ማታ ደውዬ በደህና መግባትዎን ከእህትዎ ሰምቼ ነበር። ጊታሩ ያለ ማጉያው ድምፅ እንደሌለው፣ አብረው እንዲቀመጡ፣ እርጥበት እንዳይነካቸው ነግሬያቸዋለሁ። “ለራሷ ነው የገዛችው?” ብለው ጠየቁኝ፤ አዎ አልኳቸው። ክፉ ነገር ተናገርኩ እንዴ?»

«የለም፣ ምንም አልተናገርህም» አልሁት።

የሻረግ እንስራዋን ይዛ ገባች። ስልኩን መለስሁላት።

«አርብ ማታ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ቅዳሜ ስታለቅሺስ?»

«እንባው የቆየ ነው እትዬ። እኔ ቀን ነው የመረጥኩለት።»

«መሪጌታውስ?»

«ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሄጄ አዋየኋቸው። ሰው በስዕለት ያመጣው አይከፋፈልም ብለው ሁለቱንም ሊያስቀሩ ነበር። ስዕለት እንዳልሆነ ነገርኳቸው፤ ቀዩ ይቅርላት ብዬ ለመንኩ። እሺ አሉ፤ እሳቸውም ድምፅ ቸግሯቸዋል።»

«እውነቱን ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

የሻረግ እንስራውን አስቀምጣ ነጠላዋን አስተካከለች። «እርስዎ ነግረውኝ ነበር?» አለች፤ ያለ ቁጣ፣ የምስር ዋጋ እንደምትጠይቅ። ከዚያ ምስሯን አንሥታ ተቀመጠች። «ይልቅ ሌላ ማጉያ ይግዙ። እስካሁን ያልሰጡ ሰው ነበሩ። ያልሰጠ ሰው ለራሱ ሲገዛ ያስወራል። አሁን ሰጥተዋል፤ ከነገ ጀምሮ ቤቱን ቢያናውጡት ማንም ምንም አይልዎትም።»

ሠላሳ ስምንት ዓመት ስንት ተንኮለኛ ገጸ ባሕርይ በእጄ አልፏል። ክር እየተበጠሰባቸው፣ ሴራቸው ምዕራፍ ሰባት ላይ እየተተረተረ፣ ደራሲዎቹን ስንቴ በልቤ ታዝቤአለሁ። ይህች ከቢቸና ወጥታ የማታውቅ ሴት ለደብሩ ማጉያ፣ ለራሷ ክብር፣ ለእኔ ጊታር፣ ከዚህም አልፎ የመግዛት ፈቃድ አስገኘች፤ ያውም ሽንኩርት እየላጠች። ልቆጣ ፈልጌ ነበር። የሚታረም ነገር አጣሁባት።

እናም ከጡረታዬ እየቀነስሁ ማስቀመጥ ጀምሬአለሁ። መንገዱ ሲከፈት ሞጣ እሄዳለሁ፤ ሰይድም ሌላ ማጉያ ደብቄልዎታለሁ ብሎኛል። ይህንን ለየሻረግ ስነግራት ደስ አላት፤ መረቀችኝ እንኳ። ትናንት ግን ምስሯን እየለቀመች፣ በሌላ ወሬ መካከል፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ደብር ማጉያ እንደሌለው አነሣች።