አራት የኢንች ብሎን

ብሎን የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩ የሚታወቀው የጠፋ ዕለት ነው። እስኪ አሁን የተቀመጣችሁበትን ወንበር ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ስንት ብሎን ይዞታል? አታውቁም። እኔም አላውቅም ነበር። ዛሬ ግን እንጅባራ ውስጥ ያለ የብረት በር፣ የባጃጅ ጎማ፣ ካርታ የምሰቅልበት መስቀያ ሳይቀር በስንት ብሎን እንደቆመና በስንት ቁጥር ቁልፍ እንደሚፈታ ብትጠይቁኝ ሳላመነታ እነግራችኋለሁ። ይህን እውቀት ፈልጌ አላገኘሁትም።

ጣጣው የመጣው በአባቴ ላንድሮቨር ነው። አባቴ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ የዕድሜያቸውን እኩሌታ መሪ ጨብጠው ነው የኖሩት። ላንድሮቨሯ ግን ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከግቢያችን ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዶሮ ስታስፈለፍል ኖራለች። ባለፈው ፋሲካ ማግስት አባቴ ከዘራቸውን ተደግፈው አጠገቧ ቆሙና፣ አንድ ቀን በሷ ዘንገና ደርሼ ሐይቁን አይቼ ብመለስ ደስ ይለኝ ነበር አሉ። እንዲሁ እንደ ዋዛ ነው ያሉት። እግራቸው ግን ከመኝታ ቤት እስከ ደጅ መሄድ እየከበደው ነበርና፣ ያችን «አንድ ቀን» ስሰማ፣ ቶሎ ካላደረስኳቸው ነገሩ ዕድሜ ልኬን እንደማይለቀኝ ገባኝ።

እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ አርፎ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ እንደሚያሙኝ ከሆነ አንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ካርታው ላይ ካለው አገር ይልቅ እኔ የምዞረው ይበልጣል። በዚህ ጠባዬ ላይ መኪና ተጨመረበት።

የሰፈራችን መካኒክ ስጦታው ሞተሯን ፈታ፣ አጠበ፣ ገጠመ። በሦስተኛው ሳምንት ሞተሯ ተነሳ። ምን ዋጋ አለው? ትጮኻለች፣ ታጨሳለች፣ ንቅንቅ ግን አትልም። ስጦታው ከሥሯ ገብቶ ወጣና ፍርዱን ተናገረ። ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ ጉልበት የሚያደርሰው ረጅም ብረት፣ ሻፍት የሚሉት፣ አራት ማሰሪያ ብሎኖች የሉትም። ላልተው የወደቁ እንዳይመስላችሁ። የሆነ ሰው በቁልፍ፣ ተጠንቅቆ፣ ፈቶ ወስዷቸዋል።

ሳቄ መጣ። ሞተር የተነሳላት መኪና በአራት ብሎን ትቀራለች? ስጦታው ግን አልሳቀም። ይቺ መኪና በኢንች የተሠራች ናት፣ አገሩ ደግሞ በሚሊ ሆኗል አለኝ። የሚያስፈልጋት ሦስት ስምንተኛ ኢንች፣ ጥርሱ ደቃቅ የሆነ። ስምንት ሚሊው ቀዳዳው ውስጥ ይጨፍራል፤ አሥር ሚሊው ደግሞ ጭራሽ አይገባም።

መከራዬ ከዚህ ይጀምራል። ቅዳሜ ዳንግላ ወረድኩ። ባለ ሱቆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ልበ ሙሉዎች ናቸው፤ ሳያዩ «አለ» ይላሉ፣ ካዩ በኋላ «በመዶሻ ይገባል» ይላሉ። ቶርኖ ቤት ሄጄ አራት ብሎን አስቀረጽኩ፤ መኪናዋ ከግቢያችን በር ሳታልፍ አራቱም ተቀነጠሱ። አዲስ አበባ ያለ የአክስቴ ልጅ በአውቶቡስ አንድ ጥቅል ላከልኝ፤ ውፍረቱ ልክ፣ ጥርሱ ግን ሌላ። ጥሊሊ ገበያ አሮጌ ብረት በጆንያ ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው ዘንድ ግማሽ ቀን ቁጢጥ ብዬ አንድ ጣሳ ሙሉ ስለቅም ቆይቼ አንዲት ልከኛ ዳዶ አገኘሁ። ብሎን የሌላት ዳዶ! ያችን ዳዶ ኪሴ ከትቼ መለኪያ አደረግኳት፤ ያየሁት ብረት ላይ ሁሉ እሞክራት ጀመር። ግምጃ ቤት ከተማ አንድ የቆመ ጋሪ ሥር ተጋድሜ ስሞክር ባለቤቱ በአለንጋው እግሬን ነካ አድርጎ፣ ጌታው፣ ምን ጠፋብዎት አለኝ።

ማታ ማታ አባቴ «ተገኘ?» ይሉኛል። አልተገኘም ስላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው «ይገኛል» ይላሉ። አንዳንዴ ሊናገሩ የፈለጉት ነገር ያለ ይመስልና ያስላቸዋል።

ጎረቤታችን አቶ ይስማው ያረፉት በዚህ መሀል ነው። እውነቱን ልናገርና፣ እኔና እሳቸው በአጥር የተነሳ ስድስት ዓመት ሰላምታ አልነበረንም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ቢሆንም እድር እድር ነውና፣ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ሆንኩ። የእኛ እድር ቃሬዛ ከውሃ ቧንቧ የተሠራ፣ እግሩ የሚታጠፍ ነው። የድሮው የእንጨት ቃሬዛ ጭቃ መሀል ተሰብሮ ሰፈሩን ያሳፈረ ጊዜ፣ ያኔ የእድሩ ዳኛ የነበሩት አባቴ ናቸው ያሠሩት።

የቃሬዛውን እግር የያዘው ብሎን ልክ ከጆሮዬ ሥር ነበር። ሌላው ሰው ሞትን ሲያስብ እኔ ጥርስ አየሁ፤ ደቃቅ ጥርስ። ተራ ሊቀበሉኝ መጡ፤ እምቢ አልኩ። ደግመው መጡ፤ የቃሬዛውን ብረት ጨምድጄ ያዝኩ። አንድ ሽማግሌ፣ ተዉት፣ ጸጸት ነው፣ ሳይታረቁ ቀርተው ነው ሲሉ ሰማሁ። ይህን የሰሙ ሴቶች ለቅሶውን ጨመሩት።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስንደርስ አስከሬኑ ወርዶ ቃሬዛው ወደ ዳር ተደረገ። ሰው ሁሉ ወደ ጉድጓዱ ሲያይ እኔ ቃሬዛው አጠገብ ተንበረከክሁ። ዳዶዬን አወጣሁ። ትርፍ በወጣው የብሎን ጫፍ ላይ አስጠግቼ በሁለት ጣቴ ጠመዘዝኳት። ቅቤ እንደተቀባች ገባች። ያን ጊዜ፣ ስድሳ ተማሪ በማስተምርበት ድምፄ፣ «ተመስገን!» አልኩ።

ካህኑ ከመጽሐፋቸው ቀና አሉ። አካፋ የያዙትም እጃቸው ቆመ። የአቶ ይስማው ልጅ ዞር ብሎ አየኝ። ምድር ተከፍታ እንዳትውጠኝ፣ የተከፈተችው ለሌላ ሰው ነበር።

በሳምንቱ እሑድ እድሩ ፊት ቆምኩ። ክሱ በጎረቤት ቀብር ላይ መደሰት ነው። ስለ ኢንች፣ ስለ ሚሊ፣ ስለ ሻፍት አስረዳሁ። ማን ይመነኝ? ለአራት ብሎን ሰው ተመስገን ይላል ወይ ብለው ዳኛው ጠየቁኝ። እላለሁ አልኳቸው፤ ባሰብኝ።

ይሄኔ አባቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ጥፋቱ የኔ ነው አሉ። የቃሬዛውን ብሎኖች ከባሕር ዳር አስመጣኋቸው ብያችሁ ስትመርቁኝ አሜን ያልኩት በውሸት ነው፤ ከገዛ መኪናዬ ነው የፈታኋቸው አሉ። ጉባኤው ተንጫጫ። እኔ ግን እሳቸውን ብቻ ነበር የማየው። ታዲያ ከዳንግላ ጥሊሊ ስንከራተት ለምን ዝም አሉኝ አልኳቸው፤ እውነቴን ነው፣ ተናድጄ ነበር። አባቴ ሲቆጡ ወደ አዊኛ ይሻገራሉ፤ እዚያው ቆየት አሉና ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ «እኔ እንዴት ብዬ የሬሳ ማንሻ ፍቱልኝ እላለሁ?» አሉ። መጀመሪያ የሳቀው የአቶ ይስማው ልጅ ነው። ንዴቴም የዚያኔ ለቀቀኝ።

ዳኛው ፈረዱ። ብሎኖቹ ወደ መኪናዋ ይመለሱ፤ መኪናዋ ደግሞ ከነሹፌሯ በቃሬዛው ፈንታ እድሩን ታገልግል። ቃሬዛው በሌላ ብሎን መታሰር እንደሚችል ስጦታው ሊናገር እጁን አውጥቶ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ግን ዳገቱንና ትከሻቸውን አስበው መኪናዋን ቀድመው ወደዋታል። እስክትገጠም ሰው ቢሞትስ ያለ ነበር። አባቴ መለሱ። ተረኛው እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ዘንገናን ሳላይ አልሄድም አሉ።

ቅዳሜ ተነሣን። አባቴ ጋቢና ተቀምጠው መንገዱን ሙሉ ሲቆጡኝ ደረስን፤ ማርሹን ቀይር፣ ጉድጓዱን እይ፣ ፍሬኑን አትርገጠው። ሐይቁ ተገለጠ። ብዙ ካዩ በኋላ «አልጎደለችም» ብለው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። እኔም ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አርፌ ተቀመጥኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ በጣም።

ቤት ስንደርስ አባቴ ወርደው ወደ ኋላ ዞሩ። የኋላውን በር ክፈተው አሉኝ። ከፈትኩ። በከዘራቸው ወለሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩት፤ ከዘራውን አንሥተው ከራሳቸው ቁመት ጋር አስተያዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣

«ቦታውስ ይበቃኛል» አሉ። «አነዳድህን ግን እስከዚያ አሻሽል።»